ስለ ጣና የጠየቀችኝ ሐኪም

ሲያትል ውስጥ ሐበሻ ሆዱን ሲያመው ከሐኪም ቀድሞ የሚደርስለት የወገን ምክር ነው። ከቅዳሴ ሲወጣ፣ ሬይኒየር ጎዳና ካለው የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ሲገዛ፣ ሥራ ቦታ ምሳውን ሲከፍት ሁሉም አንዳንድ ነገር ይለዋል። «ጨጓራ ነው፣ ተልባ ጠጣ።» «ቡና ቀንስ።» «ሽሮው ነው የሚነፋህ።» «የዚህ አገር ወተት ለእኛ አይሆንም።» እኔም በበላሁ ቁጥር ከእንብርቴ በላይ እያቃጠለኝ፣ አንዳንዴም እየቆረጠኝ ወራት ስቸገር የሰማሁት ይህንኑ ነበር።

ምክሩን አልናቅሁትም፤ እያንዳንዱ የራሱ እውነት አለው። ወተት ውስጥ ያለውን ስኳር የሚፈጨው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም በብዙ ሰው ላይ ከልጅነት በኋላ ይቀንሳል። ወተት የማይስማማው ሆድ እርጎን የሚችለው ወተቱ ሲረጋ ስኳሩ ስለሚቀንስ ነው። የሐሞት ጠጠር ያለበትን ሰው ቅቤ የበዛበት ወጥ ከቀኝ ጎድኑ ሥር ይይዘዋል። እንጀራውንም ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ውጭ አገር የሚሸጠው እንጀራ ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ይቀላቀልበታል። ሴሊያክ የተባለው፣ ስንዴና ገብስ አንጀትን የሚጎዳበት ሕመም ያለበት ሰው አገር ቤት በንጹሕ ጤፍ ደህና ሲኖር ቆይቶ እዚህ ሊታመም ይችላል። እኔን ግን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ኢቡፕሮፊን የተባለው ማስታገሻ ነው። እንደ እኔ ኤርፖርት እየሠራ ቆሞ የሚውል ሰው ወገቡንና ጉልበቱን ሲያመው ያለ ማዘዣ ይገዛና በባዶ ሆዱ፣ በጾም ቀን ጭምር፣ ይውጠዋል። መድኃኒቱ ደግሞ ጨጓራን ከአሲድ የሚከላከለውን ሽፋን ያሳሳል፤ ሲደጋገም ያቆስላል።

ወተቱንም ኢቡፕሮፊኑንም ተውኩ። ሕመሙ አልተወኝም።

መጀመሪያ ያየኝ ሐኪም የጨጓራ አሲድ የሚቀንሰውን ኦሜፕራዞል አዘዘልኝ። ስወስደው ይሻለኛል፣ ሳቆመው ይመለስብኛል። በአልትራሳውንድም ታየሁ፤ ሐሞቴ ጠጠር የለበትም ተባለ። አገሬ ባሕር ዳር ቢሆን ኖሮ የመጀመሪያው ትእዛዝ የሰገራ ምርመራ ነበር። ሆዴን ብሎ ክሊኒክ የገባ ሰው ትንሿን ዕቃ ይዞ ወደ ላብራቶሪ ይላካል፤ ባለሙያውም አሜባውን፣ ጃርዲያውን፣ የትል እንቁላሉን በማይክሮስኮፕ ይፈልጋል። እዚህ ስለ ጭንቀትና ስለ እንቅልፌ ስጠየቅ ሰገራ አምጣ ያለኝ አልነበረም። ሐኪሙን አልወቅሰውም። በየቀኑ የሚያያቸው በሽተኞች አብዛኞቹ በቧንቧ ውኃ ያደጉ ናቸው፤ ትል መጨረሻ ላይ ቢታሰበው አይገርምም።

በኋላ ያገኘኋት ሐኪም ስለ ምግቤ ከመጠየቋ በፊት የደም ውጤቴን አየች። ኢዮሲኖፊል የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ከፍ ብለው ነበር። አለርጂም ከፍ ያደርጋቸዋል፤ ከእኛ አገር በመጣ ሰው ላይ ግን በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ትል ነው። በስልክ የገባችው አስተርጓሚ ጥያቄውን አደረሰችኝ፦ «የት ነው ያደጉት?» ባሕር ዳር አልኩ። «አካባቢው ውኃ አለው? ይዋኙ ነበር?»

የባሕር ዳር ልጅ ይህን ሲጠየቅ ከየት ይጀምራል? ከትምህርት ቤት ስንወጣ ልብሳችንን ድንጋይ ላይ ጥለን ጣና ሐይቅ እንገባ ነበር። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል እናቶች ልብስ ያጥባሉ፤ ዓሣ አጥማጆች መረባቸውን ይስባሉ፤ ከዘጌ እንጨት የጫኑ የደንገል ታንኳዎች ሲደርሱ ውኃው ውስጥ ቆመን እናራግፋለን። ይህን ሁሉ ተረኩላት። ሐኪሟ አላቋረጠችኝም፤ ትጽፍ ነበር።

የጠረጠረችው ቢልሃርዚያን ነበር፤ እሱን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነዋል። በጣና ዳር ያለው አንጀትን የሚያጠቃው፣ ሺስቶሶማ ማንሶኒ የሚባለው ነው። ጥገኛው ትል ሣር በበዛበት የዳር ውኃ በምትኖር ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባና ዓይን የማያያቸው እጮች ሆኖ ይበተናል። ውኃውን መጠጣት አያስፈልግም፤ እግር መንከር ይበቃል፣ እጩ በቆዳ ሰርስሮ ይገባል። በዚህ አገር ሐይቆችም ወፎችን የሚያጠቃ ዓይነቱ አለ፤ የዋናተኛውን ቆዳ ያሳክክና እዚያው ይሞታል። የእኛው አይሞትም። ወንድና ሴቷ ትል በአንጀት ዙሪያ ባሉት ደም ሥሮች ውስጥ ተጣምረው ለዓመታት ይኖራሉ፤ 30 ዓመት የቆዩበትም ሰው አለ። ከትሉ ይልቅ የሚጎዳው እንቁላሉ ነው። ከሰገራ ጋር ሳይወጣ የቀረው አንጀትና ጉበት ውስጥ ተሰንቅሮ ጠባሳ ያበጃል፤ ሳይታከም ሲከርም ጣፊያ ያብጣል፣ ሰውም ደም እስከ ማስታወክ ይደርሳል።

ሐኪሟ ጥርጣሬዋን ስትነግረኝ ተመራማሪውን ዶክተር አክሊሉ ለማን አሰብኩ። እ.ኤ.አ. በ1964 ዓድዋ ውስጥ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። እናቶቻችን ነጠላ የሚያነጡበት እንዶድ በሽታውን የምታስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል በምርምር አረጋገጡ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመሠረቱት የፓቶባዮሎጂ ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ይህን ያህል ዕውቀት ከገዛ ወንዞቻችን ዳር ወጥቶ ሳለ፣ ባሕር ተሻግረን ሐኪም ፊት ስንቀመጥ ስለ ውኃችን አንድ ቃል ሳንተነፍስ መመለሳችን ይከነክነኛል። የበላነውን እንናገራለን እንጂ ያደግንበትን አንናገርም።

ሐኪሟ የቢልሃርዚያ የደም ምርመራና የሰገራ ምርመራ አዘዘች፤ ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ለተባለው የጨጓራ ባክቴሪያ ደግሞ የትንፋሽ ምርመራ። ክብደቴ ስላልቀነሰ፣ ሰገራዬም ስላልጠቆረ ወደ ኢንዶስኮፒ አልቸኮለችም። ለትንፋሹ ምርመራ ኦሜፕራዞሉን ሁለት ሳምንት ማቆም ግድ ነው፤ አለዚያ ባክቴሪያው እያለ የለም ሊል ይችላል። እነዚያ ሳምንታት ከበዱኝ። ምርመራው ራሱ ግን ቀላል ነው፦ ከረጢት ውስጥ ትተነፍሳለህ፣ ዩሪያ ያለበት ፈሳሽ ትጠጣለህ፣ ጥቂት ቆይተህ ደግመህ ትተነፍሳለህ። ባክቴሪያው ካለ ዩሪያውን ይሰባብረዋል፤ ምልክቱም በትንፋሽ ይወጣል። አውስትራሊያዊው ባሪ ማርሻል ይህ ባክቴሪያ ጨጓራን እንደሚያሳምም የሚያምነው ቢያጣ እ.ኤ.አ. በ1984 ራሱ ጠጥቶት ታመመ፤ በ2005 ከሮቢን ዋረን ጋር ኖቤል ተሸለመበት። ባክቴሪያው በአገራችን በጣም የተስፋፋ ሲሆን አብዛኛው ሰው የሚይዘው በልጅነቱ፣ እቤቱ ነው።

የትንፋሹ ውጤት ባክቴሪያው እንዳለብኝ አሳየ። ከምግብ በኋላ የሚያቃጥለኝ እሱ ነበር። ለ14 ቀን ቢስሙዝ፣ ቴትራሳይክሊን፣ ሜትሮኒዳዞልና ኦሜፕራዞል ወሰድኩ፤ አፌ ብረት ብረት አለኝ፣ ሰገራዬ ከቢስሙዙ የተነሣ ጠቆረ፣ ግን ጨረስኩት። ከወር በላይ ቆይቼ ስመረመር ጠፍቶ ነበር፤ ቃጠሎውም ሄደ፣ ሽሮዬም ተመለሰ።

የቢልሃርዚያውም የደም ምርመራ አለ ብሎ መጣ። በሰገራዬ እንቁላል አልተገኘም፤ የደም ምርመራው ደግሞ ትሉ አንድ ጊዜ መግባቱን እንጂ አሁን መኖሩን አይለይም። ሆኖም ታክሜ ስለማላውቅና ኢዮሲኖፊሉም ከፍ ስላለ የቢልሃርዚያውን መድኃኒት ፕራዚኳንቴልን በክብደቴ ልክ ሰጠችኝ፤ በአንድ ቀን ያልቃል። ከወራት በኋላ ኢዮሲኖፊሉ ወረደ። ለጨጓራዬ ስል ባልሄድ ኖሮ ይህኛው ምናልባት ድምፁን አጥፍቶ ጉበቴን ሲነካ ይኖር ነበር።

ባሕር ዳር ላለችው ታላቅ እኅቴ ደወልኩላት። «እትዬ፣ ልጆቹስ?» አልኳት። ልጆቹ ትምህርት ቤት የቢልሃርዚያውን ክኒን ወስደዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ በአገር አቀፍ ደረጃ ለተማሪዎች ይሰጣል። የፈራሁት ለባለቤቷ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭ የተባለ አረም ተስፋፍቶ ሕዝቡ በዘመቻ ሲወጣ፣ እሱም እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው ከነቀሉት አንዱ ነበር። ጓንትና ቦት ያልነበራቸው ብዙ ናቸው፤ የትምህርት ቤቱ ክኒን ደግሞ አዋቂውን አይደርሰውም። ለሐይቁ ብለው የገቡት ሰዎች እንዲመረመሩ ማንም ሳይጠይቃቸው መቅረቱ ልክ አይመስለኝም። ይህንኑ ነገርኳት።

«እሱስ ሆዴን ማለት ከጀመረ ቆየ፤ ጨጓራ ነው እያልን ተልባ ስንሰጠው» አለችኝ። «የሰገራ ምርመራ ነው፣ ምን ይከብዳል። ሰኞ ይዤው እሄዳለሁ፤ እምቦጭ ሲነቅል እንደነበርም እነግራቸዋለሁ።»