ታጁራ፤ ሰባት መስጊድ ያላት የባሕር ዳር ከተማ

ከጂቡቲ ከተማ በጀልባ ተነሥቶ ባሕረ ሰላጤውን ወደ ሰሜን ለሚሻገር መንገደኛ፣ ከሩቅ አስቀድሞ የሚታየው የጎዳ ተራራ ነው። ከፍታው ከ1700 ሜትር በላይ ሲሆን፣ በዚያ በረሃ አገር ይገኛል ተብሎ የማይታሰብ የጥድ ደን በራሱ ላይ ይዟል። ጀልባዋ ወደ ዳር ስትቀርብ ከተራራው ግርጌ ነጫጭ ቤቶች፣ ጥቂት የተምር ዛፎችና የመስጊድ ሚናራዎች ብቅ ብቅ ይላሉ። ይህች ታጁራ ናት። ሕዝቡ «የሰባት መስጊዶች ከተማ» እያለ ይጠራታል። በመኪና መምጣት ለሚፈልግም መንገድ አለ፤ መንገዱ የአሳልን ሐይቅ አካባቢ የሚያሳይ ነው። የአሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 150 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ፣ በአፍሪካ ምድር ከሁሉ ዝቅተኛው ስፍራ ነው፤ ዳርቻውም በጨው የነጣ ነው።

በትምህርት ቤት ካርታችን ላይ ታጁራ ከአንዲት ነጥብ አትበልጥም። ነገር ግን የምድር ባቡር ከመዘርጋቱ በፊት ከሸዋ ወደ ባሕር ከሚያወጡት ዋና ዋና በሮች አንዷ እርስዋ ነበረች። ሚስዮናውያኑ ክራፕፍና ኢዘንበርግ በ1831 ዓ.ም. ወደ ሸዋ የወጡት በዚች በር ነው። የእንግሊዝ መልእክተኛ ሻለቃ ሃሪስም በ1833 ዓ.ም. ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲላክ ከመርከብ የወረደው እዚሁ ነው። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ደግሞ ግጥሙን ትቶ ነጋዴ ከሆነ በኋላ፣ ለሸዋው ንጉሥ ለምኒልክ የሚሸጥ 2000 ያህል ጠመንጃ ይዞ በ1878 ዓ.ም. ታጁራ ደረሰ። ፈቃድና ግመል ሲጠብቅ አንድ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፣ በ1879 ዓ.ም. መጀመሪያ ተነሥቶ በረሃውን በብዙ ድካም አቋረጠ። ዕቃውን ግን እንጦጦ ላይ ባሰበው ዋጋ ሊሸጠው አልቻለም።

ከደጋው ቡና፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ ይወርድ ነበር፤ ከባሕሩም ጨርቅና መሣሪያ ይወጣ ነበር። ከዚህም ጋራ ሰው ይሸጥ ነበር። ከኢትዮጵያ ደጋ አገሮች የተማረኩ ሰዎች፣ ከነዚህም ብዙዎቹ ገና ልጆች ሳሉ፣ ከዚህ ዳርቻ በጀልባ እየተጫኑ ወደ ዓረብ አገር ተሻግረዋል። የከተማዋን ውበት የሚጽፍ ሰው ይህን ዘሎ ቢያልፍ ታሪኳን ጐዶሎ ያደርገዋል፤ ንግዱ ገዢም ሻጭም ነበረውና፣ ነውሩ የወደቡ ብቻ ሳይሆን የመንገዱ ሁሉ ነው።

በ1877 ዓ.ም. የታጁራ ሱልጣን ከፈረንሳይ መንግሥት ጋራ ውል ተዋዋለ። ብዙም ሳይቆይ ፈረንሳዮች ከባሕረ ሰላጤው ማዶ የጂቡቲን ከተማ ቆረቈሩ። የባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ሲደርስ የግመሉ መንገድ ጭር አለ፤ ታጁራም ወደ ጐን ቀረች።

ዛሬ በታጁራ የሚኖረው ሕዝብ አብዛኛው አፋር ነው። ወንዶቹ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ይነግዳሉ፣ በመንግሥት ሥራም ያገለግላሉ። ሴቶቹ ከዘንባባ ቅጠል የሚሠሩት ባለ ቀለም ሰሌን እጅግ ያምራል። አንጥረኞቹ የሚሠሩት ቈልማማ የአፋር ጩቤም በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። በበጋ፣ ማለት በእኛ ክረምት ወራት፣ ሙቀቱና ከምዕራብ የሚነፍሰው አሸዋማ ነፋስ ሲበረታ፣ የቻለ ሰው ቤተ ሰቡን ይዞ ወደ ጎዳ ተራራ፣ ወደ ራንዳና ወደ ዳይ ይወጣል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ግን ከተማዋ እንደገና ትነቃለች፤ ልጆች በአሸዋው ላይ ኳስ ያንከባልላሉ፣ ሽማግሌዎች በየደጃፉ ተቀምጠው ያወጋሉ።

ወጋቸውም ተራ ወግ አይደለም። ሁለት አፋሮች በመንገድ ሲገናኙ ከሰላምታ ቀጥለው ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ ይኸውም ዝናብ የት እንደ ዘነበ፣ ማን እንደ ታመመ፣ በመንገድ ላይ ምን እንደ ታየ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ይነግራል። የሰማውን አጣሞ የሚያወራ ሰው በሰው ዘንድ ያፍራል። በየሳምንቱ መጽሔት ለምንጠብቅ ለእኛ ይህ መልካም ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ነገር ፊዕማ የሚባለው የእኩዮች ማኅበር ነው። በዕድሜ የተቀራረቡ ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶችም በራሳቸው ወገን ይሰበሰባሉ፤ «የፊዕማ አባት» የሚሉት መሪም አላቸው። ሰርግ ሲሆን ይረዳዳሉ፣ ችግር ሲደርስ ይደጋገፋሉ፣ ያጠፋውንም ራሳቸው ይቀጣሉ። የእኛን ዕድር ለሚያውቅ ሰው ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም። በሁሉ ላይ ደርዳር የሚባለው ሱልጣን አለ። ሹመቱ በሁለት ቤተ ሰቦች መካከል ይፈራረቃል፤ ሱልጣኑ ከአንዱ ቤት ሲሆን ምክትሉ ከሌላው ቤት ይሆናል። በዚህም ሁለቱም ቤቶች ተራቸውን እየጠበቁ በሰላም ይኖራሉ።

ይሁን እንጂ ታጁራ መከራ አላየችም ለማለት አይቻልም። ጂቡቲ በ1969 ዓ.ም. ነጻ ከወጣች በኋላ፣ በ1984 ዓ.ም. በመንግሥትና በአፋር አማፅያን መካከል ጦርነት ተነሥቶ የሰሜኑን አገር ጐድቶታል። ከአማፅያኑ አብዛኞቹ በ1987 ዓ.ም. ከመንግሥት ጋራ ታርቀዋል። ካኰረፉባቸው ምክንያቶች አንዱ የአገሩ ሀብትና ሥልጣን ለሰሜኑ ሕዝብ አልደረሰም የሚል ነበር።

አሁን ደግሞ የደጋው መንገድ እንደገና ወደ ታጁራ ዞሯል። በ2009 ዓ.ም. ከከተማዋ አጠገብ አዲስ ወደብ ተመረቀ፤ በተለይም ከደናክል በረሃ የሚወጣውን የኢትዮጵያ ፖታሽ እንዲያስተናግድ የታሰበ ነው። በባልሆ በኩል ወደ አፋር ክልላችን የሚያደርስ መንገድም ተሠርቷል። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ የጂቡቲ መንግሥት ወደቡን ኢትዮጵያ ሙሉ በሙሉ እንድታስተዳድረው ሐሳብ ማቅረቡን በውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ በኩል ገለጸ።

እኛ ተማሪዎቹና ወጣት ሠራተኞቹ ስለ ወደብ ስንከራከር የምናነሣው ርቀትን፣ ኪራይንና ቶን ነው። ይህ መልካም ነው፤ ግን አይበቃም። በመንገዱ ጫፍ ሰው አለ። ሐዲዱ ወደ ማዶ በሄደ ጊዜ የታጁራን ሕዝብ የጠየቀው አልነበረም፤ ጭነት መኪናው ወደ እርሱ ሲመለስ ግን ሊጠየቅ ይገባዋል። ሥራው ለዓሣ አጥማጁ ልጅ ይደርስ እንደ ሆነ፣ የነጫጮቹ ቤቶች ጸጥታ ይጠበቅ እንደ ሆነ፣ ዛሬ ጠይቀን ብናውቀው ለነገው ጉርብትና ይበጃል። የጎረቤቱን ደጅ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የባለቤቱን ወሬ መጠየቅ አለበት፤ አፋሮቹም ይህን ዳጉ ይሉታል።