ስለ ቤት መብራት አገልግሎት

መብራት የቤት ጌጥ ከመሆኑ አስቀድሞ የዐይንና የእጅ አገልጋይ ነው። እንዲህም ስለ ሆነ የመብራትን መልካምነት ለማወቅ ዋጋውንና ውበቱን ብቻ ሳይሆን፥ ብርሃኑ በሚሠራው ሥራ ላይ የሚያርፍ መሆኑን መመርመር ይገባል።

ኩራዝና ፋኖስ ሁለቱም በላምባ የሚነዱ ናቸው። ነገር ግን የኩራዝ ነበልባል መከለያ የለውምና ነፋስ ያወዛውዘዋል፤ ጥቀርሻውም ቤቱን ያጠቁራል፤ ቢገለበጥ ደግሞ እሳት ያስነሣል። ፋኖስ ግን አየር ከታች እየገባ ነበልባሉን እንዲያጠራው ሆኖ በመስታወት ተከልሏል፤ ክሩም በትንሽ መዘውር ከፍና ዝቅ ይላል። ነዳጁ አንድ ሲሆን ብርሃኑ የተለያየው በአሠራሩ ብልሃት ነው።

ኤሌክትሪክ በአገራችን አስቀድሞ የበራው በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ነበረ። በ1948 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ ብርሃኑም ወደ ሕዝቡ ቤት እየሰፋ ሄደ። ሆኖም አምፑል በመጣ ጊዜ የፋኖስ ሠሪው ብልሃት የተረሳ ይመስላል።

በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ በተጠቃለሉት በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ በየጊዜው አዳዲስ ቤቶች ይሠራሉ። ከእነዚህ በብዙዎቹ ገብተን እንዳየነው፥ በእልፍኙ ኮርኒስ ላይ ባለ ብዙ አምፑል ጌጠኛ መብራት ተሰቅሎ፥ በማድ ቤቱ ግን አንድ ደካማ አምፑል ከመካከል ይንጠለጠላል። እመቤቲቱ ወደ ግድግዳው ዞራ ሽንኩርት ስትከትፍ ብርሃኑ ከጀርባዋ ስለሚመጣ፥ ስለቱ የሚወርደው በገዛ ጥላዋ ውስጥ ነው። ልጁም በማዕዘን ተቀምጦ ሲያጠና እንደዚሁ በጥላው ላይ ይጽፋል። እንግዳው ደግሞ ያልተከለለው አምፑል ዐይኑን ስለሚወጋው ፊቱን ያዞራል። እንግዳ የተከበረ ነው፤ ነገር ግን በየማታው የሚሠሩት እናትና ልጅ ናቸውና ከብርሃኑ ድርሻቸውን ሊያጡ አይገባም።

የዴንማርክ ሰው ፖውል ሄኒንግሰን እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1920ዎቹ፥ አምፑሉ ራሱ ለዐይን ሳይታይ ብርሃኑ ብቻ ለስልሶ እንዲወርድ አድርጎ ባለ ድርብርብ መከለያ መብራት ሠራ። እንግሊዛዊው ጆርጅ ካርዋርዲን ደግሞ በ1932፥ በሞላ እየተደገፈ ክንዱ ወደ ተፈለገበት የሚታጠፍ የጠረጴዛ መብራት አወጣ። የሁለቱም ሐሳብ አንድ ነው፤ ብርሃን ሥራውን እንዲያገኝ፥ ዐይንን ግን እንዳይወጋ ማድረግ።

ለዚህም ብዙ ወጪ አያስፈልግም። አንድ አምፑል ከመጽሐፉ ያለው ርቀት ከሁለት ሜትር ወደ አንድ ሜትር ሲያጥር፥ በገጹ ላይ የሚያርፈው ብርሃን አራት እጥፍ ያህል ይሆናል። ባለ 9 ዋት የኤል ኢ ዲ አምፑልም ከቀድሞው ባለ 60 ዋት አምፑል ጋር የተቀራረበ ብርሃን ይሰጣል። በቀኙ ለሚጽፍ ልጅ መብራቱን በግራው ማኖር ነው። ኃይል ሲቋረጥም በኩራዝ ፈንታ በፀሐይ የሚሞላ መብራት ማዘጋጀት ከቃጠሎና ከጢስ ያድናል።

ስለዚህ ቤት የምታሠሩ ወገኖቻችን ሆይ፥ ግድግዳው ሳይለሰን የኤሌክትሪክ ሠራተኛውን ጠርታችሁ፥ ማድ ቤቱ መክተፊያና የልጁ ጠረጴዛ የሚቆሙበትን ስፍራ አስቀድማችሁ አሳዩት። የእልፍኙ ጌጥ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።