መሪ የያዘና የተሳፈረ

መኪና የሚያመው ሰው ብዙ ጊዜ «ሆዱ ደካማ ነው» እየተባለ ይታማል፤ በሰው መካከል ፌስታል ሲፈልግም ያፍራል። ነገሩ ግን የሚጀምረው ከሆድ ሳይሆን ከጆሮ ነው። በውስጠኛው ጆሯችን የሰውነትን ሚዛንና እንቅስቃሴ የሚለይ የስሜት ሕዋስ አለ። ዓይናችን ከፊቱ ያለውን ወንበር እያየ «ተቀምጠናል» ሲል፣ ጆሯችን «እየተጓዝን ነው» ይላል። አእምሮም በሁለቱ ምስክሮች መካከል ሲጨነቅ ላብ ያጠምቀናል፤ አፋችን ምራቅ ይሞላል፤ ያጥወለውለናል።

የለሰለሰ መኪና ከዚህ ያድናል ማለትም አያስተማምንም። ሊቃውንት መርምረው እንደ ደረሱበት፣ ይበልጥ የሚያቅለሸልሸው በ5 ሴኮንድ አንድ ጊዜ ያህል የሚመላለሰው ዝግ ያለ መወዛወዝ ነው። ጠንካራ ባሌስትራ ወገብን ያደቅቃል፤ እጅግ የላላ ሞላ ግን መኪናውን እንደ ጀልባ እያንሳፈፈ ሆድን ያውካል።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን፣ የዓባይን ሸለቆ ከ1000 ሜትር በላይ ወርዶ በሚወጣው ጥምዝምዝ መንገድ፣ ሎሚ የምናሸተው ተሳፋሪዎቹ ነን። ሾፌሩ መታጠፊያውን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ሰውነቱ ይዘጋጃል፤ እኛ ግን ሳናስበው ወዲያና ወዲህ እንላጋለን። ከፊት ተቀምጦ ሩቁን መንገድ መመልከት በእርግጥ ይረዳል። ይሁን እንጂ ዋናው መድኃኒት ፍሬኑን በዝግታ የሚረግጥ የሾፌር እግር ነው።

ስለዚህ መሪ የያዘ ሁሉ፣ እርሱን ስላላጥወለወለው ጉዞው ለሁሉ የተመቸ እንዳይመስለው፣ አልፎ አልፎ በመስታወቱ ወደ ኋላ ቢመለከት መልካም ነው።