ጌሙን ከኢንተርኔት ስናገናኝ የተማርነው

 

በዚህ ዓምድ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ትዳር፣ ስለ ተርቢያና ስለ ጉርብትና ሐቅ ይጻፋል። እኛ ዛሬ የምናወጋችሁ ስለ አንድ የልጆች መጫወቻና ስለ አንድ ቀጭን ገመድ ነው። ጉዳዩ ተራ ቢመስልም በቤታችን ያስነሳውን ክርክርና ያስተማረንን ነገር ስናስበው ለሌሎች ወላጆችም ይጠቅማል ብለን አመንን።

የምንኖረው ቆቦ ከተማ ነው። ልጃችን አሥራ አራት ዓመቱ ነው። የእህታችን ልጅ ከእርሱ በሳምንታት ብቻ ይበልጣል። ሁለቱም በአንድ ግቢ አድገዋል፤ በአንድ ትሪ በልተዋል፤ አሊፍ ባን በአንድ ቀን ጀምረዋል። በሐምሌ 2013 ጦርነቱ እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን ተለያዩ። እኛ ቀደም ብለን ወደ ደሴ ስንወጣ እህታችን አሮጊት አማቷን ጥላ መሄድ አልሆነላትም። ስልክና መብራት በተቋረጠባቸው ወራት በሕይወት ስለ መኖራቸው እንኳ ወሬ አልነበረንም። በታኅሣሥ 2014 መንገድ ሲከፈት አልሐምዱሊላህ ደኅና አገኘናቸው። ነሐሴ 2014 ውጊያው እንደገና ሲቀሰቀስ ግን እህታችን ልጆቿን ይዛ አዲስ አበባ ገባች፤ በዚያው ቀረች። ጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈርሞ እኛ ወደ ቤታችን ብንመለስም ሁለቱ ልጆች አንድ ግቢ አልተመለሱም። በስልክ ሲያገናኟቸው «ደኅና ነህ?» «ደኅና» ተባብለው ስልኩን ለእኛ ይመልሱልናል።

ባለፈው ዓመት ጅዳ የሚሠራው ወንድማችን ለዒድ ሲመጣ ሁለት ያገለገሉ ፕሌይ ስቴሽን 4 ይዞ መጣ፤ አንዱ ለእኛ ልጅ፣ አንዱ ለአዲስ አበባው። «በኢንተርኔት አገናኙላቸውና አብረው ይጫወቱ» አለን። እኛ ግን አልወደድነውም። ጌም የምናውቀው በከተማው ጌም ቤቶች ነው። ልጆች ከትምህርት ቤት ወጥተው እዚያ ይሰለፋሉ፤ «ተሸናፊ ይከፍላል» ይባባላሉ። ይህ ደግሞ ዑለሞቻችን ከቁማር በር የሚቆጥሩት ነገር ነው። ያንን ወደ ሳሎናችን ማስገባት ከበደን።

የሰፈራችንን ሸህ ብናማክራቸው እንደጠበቅነው አልተቆጡም። በመዲና የሐበሻ ሰዎች በዒድ ቀን መስጂድ ውስጥ በጦር ሲጫወቱ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳልከለከሏቸው፣ እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ.) ቆማ እንደተመለከተች አስታወሱን። ከዚያም «ጨዋታ ሐላል ነው፤ ሶላትን የበላ፣ ገንዘብ ያስያዘ፣ ምላስን ያበላሸ ጨዋታ ግን ጨዋታ አይደለም። በሩን የምትጠብቁት እናንተ ናችሁ» አሉን። በዚህ ተስማማን።

ማገናኘቱ እንዳሰብነው ቀላል አልሆነም። መጀመሪያ ያስቸገረን የጨዋታው ክብደት ነው። ልጆቹ የመረጡት ኢ-ፉትቦል የተባለው የእግር ኳስ ጨዋታ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በነፃ የሚገኝ ስለሆነ የወር ክፍያ አያስፈልገውም። ነገር ግን እርሱና የማሽኑ ማሻሻያ ተደምረው ብዙ ጊጋባይት ናቸው። መብራት ሲሄድ እየቆመ፣ ሲመጣ እየቀጠለ አራት ሌሊት ፈጀ።

ቀጥሎ ጨዋታው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ልጃችን ኳሷን ሲመታ ተጫዋቹ ቆይቶ ይመታል። እኛ ርቀቱ ነው ብለን ነበር። ነገሩን የሚያውቅ አንድ የጎረቤት ልጅ ግን ሳቀብን። ከቆቦ አዲስ አበባ በመኪና ወደ 570 ኪሎ ሜትር ነው። በፋይበር ገመድ ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ይህን ርቀት ለመጨረስ ከሦስት ሺህኛ ሰከንድ በታች ይበቃዋል። መስመሩ ቢጠማዘዝና በየጣቢያው ጥቂት ቢዘገይም ዓይን የሚያየው መዘግየት ከዚያ አይመጣም። ችግሩ የእኛው ዋይፋይ ነበር። ማሽኑ ያለበት ክፍል ከራውተሩ በሁለት ግድግዳ ይለያል። ዋይፋይ ደግሞ በአየር የሚሄድ ስለሆነ ግድግዳ ያደክመዋል፤ የጎረቤት ዋይፋይም ይሻማዋል። ከገበያ የኔትወርክ ገመድ ገዝተን ከራውተሩ እስከ ማሽኑ ስንዘረጋ መንቀጥቀጡ ቆመ።

ሦስተኛው ችግር ግን ከሁሉ ባሰ። ጨዋታው ይከፈታል፤ ሁለቱ ልጆች ግን አይገናኙም፤ ድምፅም አይሰማም። ማሽኑ ኢንተርኔቱን ሲፈትሽ «ናት ዓይነት 3» የሚል ጽሑፍ ያወጣል። ትርጉሙን ያ የጎረቤት ልጅ እንዲህ ሲል አስረዳን። አንድ ቤት ውስጥ ብዙ ስልክና ማሽን ቢኖርም ወደ ውጭ የሚታየው አድራሻ አንድ ነው። ራውተሩ እንደ ዘበኛ በር ላይ ቆሞ ማን ምን እንደላከ ይመዘግባል፤ መልሱ ሲመጣም ለባለቤቱ ያደርሳል። ሳይጠራ የመጣን እንግዳ ግን ይመልሳል። ሁለት ማሽኖች በቀጥታ ሲጫወቱ ደግሞ አንዱ የሌላውን በር ማንኳኳት አለበት። እኛ ጓዳ ድረስ ዋይፋይ እንዲደርስ ብለን ሁለተኛ ራውተር ከመጀመሪያው ላይ ሰክተን ነበር። ስለዚህ በቤታችን ሁለት ዘበኛ ቆሞ፣ አንዱ ያስገባውን ሌላው ይመልሰው ነበር። ሁለተኛውን «አክሰስ ፖይንት» ወደሚባለው አሠራር ሲቀይርልን ማስተላለፍ ብቻ ሆነ ሥራው። ማሽኑም «ናት ዓይነት 2» አለን፤ ለቤት የሚበቃው ይኸው ነው።

ያን ዕለት ከዒሻ በፊት የእህታችን ልጅ ድምፅ ሳሎናችን ውስጥ ተሰማ። የመጀመሪያ ጥያቄው ስለ ኳስ አልነበረም፤ «ከበሩ ያለችው ቁርቁራ አለች?» አለ። ልጃችን «አለች፤ ዘንድሮም አፈራች» አለው። እኛ ፊታችንን አዞርን።

ውድ አንባቢያን፣ ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ በወደድን ነበር። ነገር ግን ሁለት ወር ሳይሞላ ዘነጋን። አንድ ቀን ለሱብሒ ስንነሣ ሳሎኑ በርቷል። ልጃችን አዳሩን ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ይጫወታል፤ ከማዳመጫው የሚወጣው ስድብም ለጆሮ የሚከብድ ነው። ተቆጣን። ገመዱን ከግድግዳው ነቅለን ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍንበት። «አብዬ፣ ለእርሱ ልንገረው ብቻ» ብሎ ቢለምንም አልሰማነውም።

በሳምንቱ እህታችን ደወለች። ቁጣችንን ነገርናት። ዝም ብላ ሰማችንና እንዲህ አለች፦ «ልጄ በዚያ ጊዜ ያየውን ለእኔ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። ሌሊት ይባንናል፤ ስጠይቀው ግድግዳ ያያል። ከእናንተ ልጅ ጋር ሲጫወት ግን ከበር ቆሜ ሰማሁት። ኳሱን እየመታ ያወራዋል። እናንተ ገመዱን ከነቀላችሁ ወዲህ መልሶ ዝም ብሏል።»

ቃል ጠፋን። እኛ የነቀልነው የጌም ገመድ መስሎን ነበር። ጥፋቱን ማስቆማችን ትክክል ነበር፤ የዝምድናውን ገመድ አብሮ መበጠሳችን ግን ስሕተት ነበር። ለልጃችን «ተሳስተሃል፤ እኛም ተሳስተናል» አልነው። ወላጅ ለልጁ እንዲህ ማለቱ ክብሩን የሚቀንስ ይመስለን ነበር፤ እንዳልቀነሰ አየን።

ከዚያ ወዲህ በስምምነት የምንሠራበት ደንብ ይህ ነው። ማሽኑ ከሳሎን አይወጣም። የማያውቃቸው ሰዎች ድምፅና መልእክት እንዳይገባ በማሽኑ ማስተካከያ ተዘግቷል። አዛን ሲል ጨዋታው ስንት ለስንት ቢሆን ይቆማል፤ ከዒሻ በኋላ ራውተሩ እኛ መኝታ ቤት ያድራል። የባንክ ካርድ አይገባበትም፤ ምክንያቱም በብዙ ጨዋታዎች የውስጡ ሳይታወቅ የሚገዛ «ዕድል» አለ። የቤልጅየም የቁማር ተቆጣጣሪ አካል እንኳ እ.ኤ.አ. በ2018 አንዳንዶቹን ቁማር ናቸው ብሏል። ልጁ ከጨዋታ መላቀቅ አቅቶት ትምህርቱንና እንቅልፉን ከተወ ደግሞ እንደ ባለጌ ሳይሆን እንደ ታማሚ እናየዋለን። የዓለም ጤና ድርጅትም ይህን እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የበሽታዎች መዝገቡ ውስጥ አስገብቶታል።

ጤናና ትርፍ ጊዜ ብዙ ሰው የሚከስርባቸው ፀጋዎች መሆናቸውን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) አስተምረውናል። ዝምድናን መቀጠልም ከኢማን መሆኑን እንዲሁ። እኛ አንደኛውን ለመጠበቅ ስንል ሁለተኛውን ልናጣ ነበር። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ገመድ ካለ፣ ከመንቀላችሁ በፊት በዚያኛው ጫፍ ማን እንዳለ ጠይቁ።

የእህታችን ልጅ በመጪው ክረምት ሊጠይቀን እንደሚመጣ ነግሮናል፤ ኢንሻአላህ። ቁርቁራዋ ትጠብቀዋለች። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ አገራችንንም ሰላም ያድርግልን። አሚን።