ስማቸውን አትፋቂብኝ

የኔ ልጅ፣ 

ትናንት ማታ ስልኩን ከዘጋሽ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ኢንተርኔት ላይ ያወጣሽውን የዘር ሐረጋችንን አንድ ሰው እንዳለ ገልብጦ በራሱ ስም እንዳወጣው ስትነግሪኝ፣ እንደ ልጅነትሽ ተንሰቅስቀሽ አለቀስሽ። እኔም አልቅሻለሁ፤ እንዳትሰሚኝ ስልኩን ከአፌ አርቄ።

አይዞሽ። ከሌሊት ሥራ ገብተሽ ሳትተኚ ስንት ንጋት እንደተቀመጥሽበት አውቃለሁ። ድካምሽ እኔ ዘንድ አልጠፋም።

የሕግ ሰው ጠየቅሁልሽ። በእኛ አገር የቅጂ መብት አዋጅ፣ ቁጥር 410/1996፣ ደረቅ መረጃ ጥበቃ የለውም አለኝ። እገሌ እገሌን ወለደ ማለት የማንም ንብረት አይሆንም። አሜሪካም ጠቅላይ ፍርድ ቤታቸው በ1991 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር፣ በአንድ የስልክ ማውጫ ክርክር ላይ የፈረደው እንዲሁ ነው። ስለ አያታችን ስለ እሜቴ በራስሽ ቃል የጻፍሽው ታሪክ ግን ያንቺ ነው። እሱን አውርድልኝ በይው። በቁጣ አይሁን እንጂ። ባዕድ የሰው አያት ምን ያደርግለታል? ምናልባት አምስተኛው ቤት ላይ እንገናኝ ይሆናል። ዘመድ ከሆነ በስድብ አትቀበይው።

አሁን የምልሽን ደግሞ እንዳትቀየሚብኝ፣ ሆዴ። እኔ ካልነገርኩሽ ማን ይነግርሻል?

ያወጣሽውን ከላይ እስከ ታች አየሁት። ያንቺ ስም አለ። የእኔም አለ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። አባባ ግን የሉም። መሐል ሜዳ፣ በዚያ የመንዝ ብርድ፣ ምድጃው ዳር አስቀምጠው እስከ ሰባት ቤት የቆጠሩልን አባባ የት ሄዱ? ዓይናቸው ጠፍቶ እንኳ አንድ ትውልድ ሳይዘሉ! ደብተሬን ስሰጥሽ በየገጹ ጥግ ማን እንደነገረኝ፣ እሱስ ከማን እንደሰማ፣ መቼና የት እንደሆነ በቀይ ጽፌበት ነበር። ቀዩን ትተሽ ሰማያዊውን ብቻ ገለበጥሽው።

በክፋት እንዳላደረግሽው አውቃለሁ። ቅጹ የልደትና የሞት ዓመት እንጂ ነጋሪ አይጠይቅም። አንቺ ግን ጨምሪበት።

አባባ የቆጠሩት ለጨዋታ አልነበረም። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ርስት የሚጠየቀው በትውልድ ቆጠራ ነበር። ዳኛ ፊት ቆሞ ከአቅኚው አባት እስከ ራሱ ሲቆጥር ስም የሳተ ሰው በሙግቱ ይረታ ነበር። እንዲህ ያለውን እውቀት ለመጣ ሁሉ አይዘረግፉትም። ለእኛ ግን ሰጡን። ያውም ሁለት ሌሊት ሙሉ።

ሳጥን ውስጥ ያለውን የአያትሽን ዳዊት አስታውሺ። መጨረሻው ላይ ላጻፈው፣ ለጻፈው፣ ላነበበው፣ ለሰማው ሁሉ ምሕረት ይለመናል። ከዚያ ዝቅ ብሎ ደግሞ የሰረቀና የፋቀ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ይወገዛል። የቀዳውን የሚያወግዝ ቃል ግን አላየሁበትም። እንዴት ይወገዛል? ባይቀዳ ኖሮ እኛ ቤት በምን ይደርስ ነበር? ትናንት ሌሊት ይህን ሳስብ ነው የሰውየው ነገር ቀለል ያለኝ፣ የአባባ ነገር ግን የከበደኝ።

የእታለምን ልደት ደግሞ አርሚልኝ። 1911 ብለሽ ጻፍሽ፤ በእኛ አቆጣጠር ልክ ነው፣ የኅዳር በሽታ ዓመት ነው። ሰውየው ግን የፈረንጅ አድርጎ ወሰደው። የእኛ ኅዳር 1911 በእነሱ 1918 አይደለም እንዴ? ሰባት ዓመት ጨምሮባት የታላቅ ወንድሟ ታላቅ አደረጋት። አሁን ሌሎችም ከእሱ ገልብጠው አራት ቦታ አለ አልሽኝ። የሚያየው ሰው አራት ምስክር ያለው ይመስለዋል። ምስክሯ እማማ ብቻ ናቸው፣ እሳቸውም ከእናታቸው ሰምተው። ቁጥር መች ተናገሩ? «ያ የኅዳር በሽታ ቤቱን ሁሉ አስተኝቶት እናቴ ናት ያዋለደቻት» ነው ያሉን። ቃላቸውን እንዳለ ጻፊው፤ ዓመቱን ከሥሩ፣ ዓ.ም. ብለሽ።

አንድ ነገር ደግሞ እለምንሻለሁ፣ በእናትሽ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለችው ልጅ ከማን እንደተወለደች የጻፍሽውን ዛሬውኑ አንሺው። አባባ በሩን አዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አልነበረም የነገሩን? እኔም የጻፍኩት እኛ እንድናውቀው ብዬ ነው። ልጆቿ በሕይወት አሉ። ይህን ነገር ከስልክ ላይ ሊያነቡት ነው? ሰውየውንም አስቀድመሽ ስለዚህች ለምኚው፤ ያንቺ ስም ጉዳይ ይቆይ።

የወንድምሽን ልጆች ልደትም አንሺ። እዚያ ባለሽበት አገር ባንክ ሲደወል የእናት ስምና የልደት ቀን ይጠየቃል ያልሽኝ አንቺው ነሽ።

ከፋሲካ በኋላ፣ መንገዱ ሳይጨቀይ፣ መሐል ሜዳ እወጣለሁ። አሁን የቀሩን እማማ ብቻ ናቸው። ድምፃቸውን እቀዳለሁ። ስማቸው እንዲጻፍ ይፈቅዱ እንደሆነም ራሳቸውን እጠይቃለሁ፤ ያኔ አልጠየቅናቸውም። የአባባን የክርስትና ስም የሚያውቁም እሳቸው ናቸው። እሱን በቀይ ጽፌ ፎቶውን እልክልሻለሁ። እስከዚያ ከአባባ አጠገብ ያለውን ቦታ ክፍት አድርጊው፣ የኔ ዓለም።

አክስትሽ