ራስን ስለ መግዛትና ቃልን ስለ መጠበቅ

ሰነፍ የሚባል ሰው ስናይ ወዲያው ፈቃዱ ደካማ ነው ብለን መፍረድ የሁላችን ልማድ ነው። እኔም በዕድሜዬ ብዙ ጊዜ እንዲህ ፈርጃለሁ፤ አንድ ጊዜማ ፍርዴን በጽሑፍ አድርጌ ማኅተም አሳርፌበታለሁ። አንባቢ ሆይ፥ ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን በኮሌጅ ሳለሁ የደረሰብኝን ላስቀድም።

በማደሪያ ክፍላችን ስድስት ተማሪዎች ነበርን። ማታ ማታ ሦስቱ ካርታ ይጫወታሉ፤ እኔም ራሱን የሚገዛ ሰው የትም ቢሆን ያጠናል የሚል ትዕቢት ስለ ነበረኝ፥ ደብተሬን ዘርግቼ ከአልጋዬ ላይ እቀመጣለሁ። ዐይኔ ከደብተሩ፥ ጆሮዬ ከካርታው። በመጀመሪያ ‹‹አንድ ዙር ብቻ›› እላለሁ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን መናገር አያስፈልግም። ከበላዬ ባለው አልጋ የሚተኛው ልጅ ግን እራቱን እንደ በላ ደብተሩን ይዞ ወደ ቤተ መጻሕፍት ይሄድና መብራት ሊጠፋ ሲል ይመለሳል። ካርታ ፈርቶ ነው እያልን እንሥቅበት ነበር። በዓመቱ መጨረሻ እኔ በሁለት ትምህርት ስወድቅ እሱ አለፈ። ‹‹አንተ መቼም ብርቱ ነህ›› ብዬ ብነግረው፥ ‹‹ብርቱስ አንተ ነህ፤ እኔ እዚያ ክፍል ብቀመጥ ከሁላችሁ ቀድሜ ነበር የምጫወተው›› ብሎ መለሰልኝ።

ይኸን ቃል ከብዙ ዘመን በኋላ ያስታወሰኝ ዋልተር ሚሼል የተባለው የሥነ ልቡና ሊቅ ነው። ይኸ ሰው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ፥ በካሊፎርኒያ በሚገኘው በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት፥ አራት ዓመት ገደማ የሆናቸውን ልጆች አንድ በአንድ እያስቀመጠ ማርሽማሎ የሚባለውን ለስላሳ ጣፋጭ ወይም ሌላ የሚወዱትን ነገር ያቀርብላቸው ነበር። መርማሪው እስኪመለስ የጠበቀ ብዙውን ያገኛል፤ መጠበቅ ያቃተው በጥቂቱ ይረካል። ፈተናው ይኸው ነው። ጣፋጩ ተሸፍኖ ከዐይናቸው ሲርቅ ልጆቹ ረዘም ላለ ጊዜ ይታገሡ ነበር፤ ፊት ለፊታቸው ሲቀመጥ ግን ቶሎ ይሸነፉ ነበር። ከታገሡትም አንዳንዶቹ ዐይናቸውን በእጃቸው ይሸፍኑ፥ ለራሳቸውም ይዘፍኑ ነበር እንጂ አፍጥጠው እያዩ አልታገሉም። ለካ ያ ጓደኛዬ ቤተ መጻሕፍት የሚሄደው ዐይኑን ሊሸፍን ኖሯል።

ወሬው በዓለም ሲዛመት ግን፥ የጠበቀው ልጅ ኋላ ይከናወንለታል፥ ያልጠበቀው አይሆንለትም ወደሚል ጥንቆላ ተለወጠ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ከ900 በላይ ልጆችን የተመለከተ ጥናት ወጥቶ፥ የቤተ ሰባቸው ኑሮና አስተዳደግ አብሮ ሲመዘን በመጠበቅና ኋላ በትምህርት በመጎበዝ መካከል ያለው ግንኙነት እጅግ አነሰ።

አሁን ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ። በአንድ መሥሪያ ቤት የክፍል ሹም ሳለሁ፥ ቀን በመዝገብ ቤት እየሠራ ማታ ኮሌጅ የሚማር አንድ ወጣት ነበረኝ። ለብዙ ዓመታት የተከማቸው ፋይል በየቁጥሩ እንዲለይ በተፈለገ ጊዜ ጠርቼ፥ ‹‹ይኸን በሦስት ወር ከጨረስህ የደመወዝ ጭማሪ አስፈቅድልሃለሁ፤ የፈተናህም ሳምንት ሲደርስ ዕረፍት እሰጥሃለሁ›› አልሁት። ልጁ ከሥራ ሰዓት ውጭም ቅዳሜም ሳይቀር አቧራ ውስጥ እየተቀመጠ በአሥር ሳምንት ጨረሰው። እኔ ግን የጭማሪውን ደብዳቤ ዛሬ ነገ ስል የበጀቱ ዓመት አለፈ፤ የፈተናው ሳምንት ሲደርስም ‹‹አሁን ሥራ በዝቷል›› ብዬ ከለከልሁት። ክፋት አልነበረብኝም፤ ቸል ብዬ ነው። የሹም ቸልታ ከክፋት ተለይቶ የሚታየው ግን ለሹሙ ብቻ ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ያው ወጣት ማርፈድ ጀመረ። የሰጠሁትን ሥራ ጠረጴዛው ላይ ያሳድረዋል፤ ሰዓቱ ሲደርስ ከሁሉ ቀድሞ ይወጣል። እኔም በዓመቱ የሥራ መግለጫ ላይ ‹‹ትጋት የጎደለው፥ ራሱን መግዛት የማይችል›› ብዬ ጻፍሁበት። ማኅተም አሳረፍሁበት ያልሁት ይኸንን ነው።

ኋላ፥ ሴሌስት ኪድ የተባለች ተመራማሪ በኒው ዮርክ ግዛት በሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ ከባልደረቦቿ ጋራ አድርጋ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ያሳተመችውን ጥናት አነበብሁ። ልጆቹ 28 ብቻ ናቸው። በመጀመሪያ ያረጀ የቀለም እርሳስ ይሰጧቸውና፥ ቆዩ፥ የተሻለ እናመጣላችኋለን ይሏቸዋል። ለግማሾቹ የተባለው መጣላቸው፤ ግማሾቹ ይቅርታ፥ የለም ተባሉ። በሌላ ነገርም እንዲሁ ከተደረገ በኋላ የማርሽማሎው ፈተና ቀረበ። ቃል የተጠበቀላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ታገሡ፤ ቃል የታጠፈባቸው 3 ደቂቃ ያህል። 15ቱን ደቂቃ የፈጸሙት ከመጀመሪያዎቹ 14 ልጆች 9 ሲሆኑ፥ ከኋለኞቹ 14 አንድ ብቻ ነው። የታገሠ ከሚስቱ ይወልዳል እንላለን፤ ሊድሩለት ቃል ገብተው ሁለት ጊዜ ያስቀሩበት ሰው ትዕግሥት ቢያጣስ ማን ይፈርድበታል?

ጽሑፉን አጥፌ ብዙ ተቀመጥሁ። ያ ልጅ ራሱን መግዛት የማይችል ከሆነ፥ እነዚያን አሥር ሳምንቶች ማን ሠራቸው?

በዚያን ጊዜ ወጣቱ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሮ ነበር፤ መግለጫውም አብሮት ሄዷል። ያለበትን አጠያይቄ፥ የቀድሞውን የሚያርም ደብዳቤ ጽፌ በእጄ ይዤለት ሄድሁ። አንብቦ ሲጨርስ አጥፎ ኪሱ ከተተና፥ ‹‹ጋሼ፥ እግዜር ይስጥልኝ። ትምህርቱን ያን ጊዜ ትቼው ነበር፤ ዘንድሮ እንደ ገና ጀምሬያለሁ›› አለኝ። ለፈተናው ሳምንት የአሁኑ አለቃው ዕረፍት ይሰጠው እንደ ሆነ ጠየቅሁት። ፈገግ አለና፥ ‹‹ቃል ገብተውልኛል›› አለ።