መጀመሪያ ሣጥኑን ለኩ!

ዓሣ ማርባት ያማራችሁ ጓደኞቻችን ሆይ፣ ከዓሣው በፊት መስታወቱን ለኩ! እኛ ሦስት ሆነን በአንድ ቤት እንኖራለን፤ ያለን የመስታወት ሣጥን 60 ሊትር ብቻ ይይዛል።

ሁለታችን የፈለግነው የማላዊ ሐይቅን ምቡና ነበር። ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ ኧረ ስንቱ! የሐዋሳው ቆሮሶ ዘመዶች ናቸው፤ ሴቷ እንደ ቆሮሶ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ሦስት ሳምንት ያህል ትሰነብታለች። ታዲያ ወንዱ ድንጋዩን ርስቴ ብሎ ሌላውን ያሳድዳል፤ ጠባብ ቦታ ላይ እስከ መግደል ይደርሳል። ለእነሱ 200 ሊትርም ብዙ አይደለም።

ሦስተኛው ጓደኛችን የታንጋኒካ ሐይቁን መልቲፋሺያተስ አነሣ። «ይኼ ግራጫ ምኑ ይታያል?» ብለን ሁለት ማታ ተከራከርን። ርዝመቱ 5 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ነገር ግን የሚኖረው በባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት ውስጥ ነው፤ እንቁላሉን እዚያው ይጥላል፣ አሸዋውን በአፉ እየዛቀ ደጁን ያበጃል፣ ልጆቹም ከወላጆቻቸው ጎን ያድጋሉ። ለመምህር ከዚህ ወዲያ ምን ትርኢት አለ? ተሸነፍን።

ውሃው ማንቆርቆሪያ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚተው ዓይነት፣ ፒኤቹም ወደ 9 የሚጠጋ ቢሆን ይስማማዋል። አሁን የቀረን ባዶ የቀንድ አውጣ ቅርፊት መልቀም ነው፤ ለአንድ ዓሣ ሁለት ሁለት ቢደርስ ደግ ነው። ያገኘ ይንገረን።